«ጨጓራ ነው» ከማለታችን በፊት



በዚህ ዕትማችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚወራ እንጂ በግድግዳ ጋዜጣ ላይ የሚጻፍ አይደለም። ይሁን እንጂ የሚያሳፍር ነገር ስላልሆነ በግልጽ ልንጽፈው መርጠናል። ጉዳዩም የእርግዝና የመጀመሪያ ምልክቶችን ማወቅ ነው።

በምሳሌ እንጀምር። አንዲት ዕጩ መምህርት ጧት ጧት ያቅለሸልሻታል እንበል። የሽንኩርት ቁሌት ሲሸታት ከምግብ አዳራሽ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ጓደኞቿ «ምን ሆነሻል?» ሲሏት «ጨጓራዬ ነው ባካችሁ፤ የትናንቱ ሽሮ አልተስማማኝም» ትላለች። አንዷ ደግሞ «ኧረ ታይፎይድ እንዳይሆን፤ እኔንም እንዲህ ነበር ያደረገኝ» ትላታለች። ልጅቷም እዚሁ ሰሚት፣ መንገድ ዳር ካለ መድኃኒት ቤት ጎራ ብላ ክኒን ገዝታ ትውጣለች። ሁለት ወር ያልፋል። ነገሩ ለካ ጨጓራም ታይፎይድም አልነበረም፤ ቅሪት ኖሯል።

እንዲህ ያለው ነገር ተራ ስሕተት ይመስላል። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ተመልሶ የማይገኝ ነው። ለምን ቢሉ፣ እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ሳይታወቅ የሚሠራው ሥራ

የወር አበባዋ በ28 ቀን የሚመላለስ ሴት እንቁላሏ የሚወጣው የወር አበባዋ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የተፀነሰው እንቁላል ከማህፀን ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው ደግሞ ከዚያ በኋላ በሳምንት ገደማ ነው። በዚህን ጊዜ ሴቲቱ ምንም ላታውቅ ትችላለች።

ከፅንሰቱ ቀን አንሥቶ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መሠረት የሆነው ቱቦ ተዘግቶ ያልቃል። ልብም በዚሁ ጊዜ መምታት ይጀምራል። ይህ ማለት የወር አበባዋ በቀረ በሁለት ሳምንት ገደማ ታላቁ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። ቱቦው በደንብ ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ በአንጎሉ ወይም በጀርባው ላይ ከባድ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ይህን ጉድለት በብዛት ለመከላከል የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን ነው፤ መጠኑም በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። ጎመን፣ ምስርና ሽምብራ ተመሳሳዩን ቪታሚን ቢይዙም ክኒኑን አይተኩም። እንግዲህ ለመውለድ ያሰበች ሴት ክኒኑን መጀመር ያለባት ከመፀነሷ በፊት ነው፤ ሳታስብ የፀነሰች ደግሞ ባወቀች ዕለት ትጀምር።

ምልክቶቹ የትኞቹ ናቸው?

1. የወር አበባ መቅረት። ዋነኛው ምልክት ይኸው ነው። ሆኖም ጭንቀት፣ የፈተና ድካም፣ የክብደት መቀነስና ሕመምም ያስቀሩታል። በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ የምትወስድ ሴትም የወር አበባዋ ሊጠፋ ይችላል። በሌላ በኩል ጡት የምታጠባ እናት የወር አበባዋ ሳይመለስ ልትፀንስ ስለምትችል፣ «ገና አላየሁምና አላረግዝም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

2. ማቅለሽለሽና ማስመለስ። ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና ከ14ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀላል። «የጧት» ይባል እንጂ ማታም ይመጣል። ጨርሶ የማይሰማቸው ሴቶችም አሉ።

3. የጡት መወጠርና ሕመም፤ የጡት ጫፍ መጥቆር።

4. ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት።

5. ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት። ሽንት የሚያቃጥል ከሆነ ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል።

6. ሽታ መጥላትና አምሮት። ሲቆላ የምትወደው ቡና ያስጠላታል፤ በልታው የማታውቀው ነገር ያምራታል። አፈር ወይም ከሰል የሚያምራት ከሆነ ደም ማነስ ሊኖር ስለሚችል ለሐኪም መንገር ይገባል።

7. ጥቂት የደም ጠብታ። የወር አበባ በሚጠበቅበት ሰሞን የሚታይ ነው። አንዳንዷ «ይኸው መጣ» ብላ ቀኑን በስሕተት ትቆጥራለች።

ምልክት ማስረጃ አይደለም

ከላይ የዘረዘርናቸው ሁሉ ያስጠረጥራሉ እንጂ አያረጋግጡም። የሚያረጋግጠው ምርመራ ነው። የተፀነሰው እንቁላል ከማህፀን ጋር ከተጣበቀ በኋላ ኤች ሲ ጂ የተባለ ሆርሞን ይመነጫል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል፤ በሽንትም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በርሊን ውስጥ አሽሃይምና ዞንዴክ የተባሉ ሐኪሞች ይህንኑ ለማወቅ የሴቲቱን ሽንት ለአይጦች እየወጉ የአይጦቹን እንቁላል ማምረቻ ይመረምሩ ነበር። ውጤቱን ለማወቅ ቀናት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ያው ሥራ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ቀጭን መመርመሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

አጠቃቀሙ ይህን ይመስላል፦ የወር አበባው ከቀረ በኋላ፣ ጧት በመጀመሪያ በሚወጣው ሽንት ይመረመራል፤ ሁለት መስመር ከታየ እርግዝና አለ ማለት ነው። አንድ መስመር ብቻ ታይቶ የወር አበባው አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ስለዚህ የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ለጨጓራ ክኒን ከመግዛቷ በፊት መመርመሪያውን ብትገዛ ይሻላል። እንደ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ አይመከሩም፤ ኮሶም እንዲሁ ያሰጋል። ነገር ግን ለሚጥል በሽታ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለኤች አይ ቪ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የምትወስድ ሴት በራሷ ፈቃድ አታቋርጥ፤ ፈጥና ሐኪሟን ታማክር። አረቄና ጠላ፣ ጫትና ሲጋራ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ይቁሙ፤ ጥሬ ሥጋም ይቅር።

ቀን መቁጠር

ቀን መቁጠር ለመምህር የሚያስቸግር አይሆንም። እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲሆን፣ እስከ መውለጃው 280 ቀን ይታሰባል። የእኛ ወር 30 ቀን በመሆኑ 280 ቀን ማለት ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ነው። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን ያየች ሴት የመውለጃ ቀኗ ሰኔ 11 ይሆናል። በመካከሉ ጳጉሜን የሚያልፍ ከሆነ ግን በዐሥሩ ፈንታ አምስት ቀን ይጨመራል፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ አራት ቀን። በዚህም መሠረት የካቲት 1 ቀን ያየች ኅዳር 6 ቀን ትጠብቃለች ማለት ነው። እርግጥ ብዙዎቹ የሚወልዱት ከዚያው ቀን ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት ብለው ነው። ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ቀኑ ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዷ እህታችን የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን በደብተሯ ጀርባ ብትጽፍ ምን ይከብዳታል?

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

በአንድ ጎን የሚያይል የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ራስን መሳት፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፦ እነዚህ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። «ነገ ያልፍልኛል» አይባልም። ውሃ እንኳ በሆዷ የማይረጋላት፣ ሽንቷም ያነሰባት እንዲሁ ሕክምና ትሻለች። ቀላል ማቅለሽለሽ ግን ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ በመብላት፣ ከመኝታ ከመነሣት በፊት ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ በመቅመስ፣ በዝንጅብልም ይታገሣል።

ለምን ቶሎ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ስምንት ጊዜ ክትትል እንድታደርግ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሆን ይመክራል። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች ከመቶ 20 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት 28 ደርሰዋል። በዚሁ ጥናት ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የታዩት ከመቶ 74 መሆናቸውን ልብ በሉ። እንግዲያው ብዙዎቹ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ አልሄዱም ማለት አይደለም፤ የሄዱት ዘግይተው ነው። መዘግየት ደግሞ የደም ማነስን፣ ቂጥኝን፣ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን በጊዜ አውቆ ለመከላከል ያለውን ዕድል ያጠብባል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ የሚሰጥ በመሆኑ የገንዘብ ነገር ሊያስቀረን አይገባም።

መምህሩ ምን ያድርግ?

ወንዶች ጓደኞቻችን «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው እዚህ ላይ ገጹን እንዳይተዉት እንለምናለን። ነገ ባል ትሆናላችሁ፤ ከዚያም በላይ ክፍል ትይዛላችሁ። አንዲት ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ብትተኛ ወይም አፏን ይዛ ብትወጣ፣ በክፍሉ ፊት «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ማፋጠጥ ተማሪዋን ከትምህርት ቤት ሊያስቀራት ይችላል። እርግዝና ነው ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው፤ ወባም፣ ረሃብም፣ ደም ማነስም ሊሆን ይችላል። በእርጋታ፣ ለብቻዋ፣ ቢቻል በምታምናት መምህርት በኩል ማነጋገርና ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ይገባል። ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ጥቃት ደርሶባት ሊሆን ስለሚችል፣ ከወቀሳ በፊት ጥበቃ ያስፈልጋታል። ምሥጢሯ ምሥጢር ይሁን፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል የቡና ወሬ አይደለም።

እንዲሁም በግል ትምህርት ቤት የምትቀጠሩ እህቶች በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንደሚሰጣችሁ እወቁ። ከመውለድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት የወሊድ ፈቃድም አላችሁ። መብቱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ማወቅና የሐኪም ማስረጃ መያዝ ይጠይቃል።

በመጨረሻም ሦስት ነገር አደራ እንላለን፦ ቀኑን እንጻፍ፤ ክኒን ከመዋጣችን በፊት እንመርመር፤ ባወቅን ሳምንት ጤና ጣቢያ እንሂድ። ያቺ በምሳሌያችን ያነሣናት ልጅ እነዚህን ሦስቱን ብታውቅ ኖሮ ሁለት ወር ባልጠፋባት ነበር። አጠገባችሁ የተቀመጠችው እህታችሁ ይህን ጽሑፍ ካላነበበች፣ እባካችሁ ጠርታችሁ አሳዩዋት።