እጁ ረጋ፤ አንደበቱስ?

ግሬኖብል እንደ አምባሰል የተራራ አገር ናት፤ በአልፕስ ሰንሰለት የተከበበች የፈረንሳይ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያች ከተማ፣ እጁ አልረጋ ያለ አንድ ታካሚ የራስ ቅሉ ተበስቶ፣ ግን እንደነቃ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር። መንቃቱ ግድ ነው። ሐኪሙ አሊም ሉዊ ቤናቢድ ወደ አንጎሉ የሰደዱት ቀጭን ሽቦ የታሰበው ቦታ መድረሱን የሚለዩት እያነጋገሩትና እጁን እያዩ ነበር።

የዘመኑ ሕክምና ጨካኝ ነበር። ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አንዲት ነጥብ በሙቀት ትቃጠላለች፤ መንቀጥቀጡም ይቆማል። አንድ ጎን ሲቃጠል አንድ እጅ ይድናል። ሁለቱም ጎን ሲቃጠል ግን ብዙዎች አንደበታቸው ይተሳሰር ነበር። ስለዚህ ሁለት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንዱን አድኖ ከሌላው ጋር ይኖራል። ያ ሁለተኛው እጅ በምን ይዳን?

ቤናቢድ ከማቃጠላቸው በፊት እንደ ልማዳቸው በሽቦው ትንሽ ኤሌክትሪክ ለቀቁ። ይህ ቦታ መፈተሻ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ግን የምቱን ፍጥነት ከዝቅተኛው ጀምረው ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረጉት። በሰከንድ ወደ 100 ምት ሲቃረብ እጁ ድንገት ረጋ።

ሐኪሙ ደነገጡ፤ ጉዳት ያደረሱ መሰላቸው። አጠፉት፤ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። አበሩት፤ ረጋ። ደግመው አጠፉት፤ ተመለሰ። ምንም ሳይቃጠል! ሽቦው እዚያው ቢቀመጥ፣ ባትሪውም ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ቢቀበር፣ ሁለተኛው እጅ አንደበትን ሳያስከፍል ይድን ይሆን?

ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እነማሎን ዴሎንግ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከታላመስ ሥር ያለች ከሽምብራ ብዙ የማትበልጥ ክፍል እጅን የሚያንቀጠቅጠውና ሰውነትን የሚያደርቀው የፓርኪንሰን ሕመም ቁልፍ ቦታ መሆኗን አሳዩ። የግሬኖብል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1993 ሽቦውን በሰው አንጎል ውስጥ እዚያችው ክፍል አስገባ። ደርቆ የቀረው ሰውነት ተፍታታ፤ የሚዋጠው ኪኒን ቀነሰ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ቤተሰቦች ግን ሌላ ነገር ያስተውሉ ጀመር። እጁ የረጋው ሰው ሲናገር ቃላቱ ይድበሰበሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የለንደን ጥናት ሽቦ የገባላቸውን 32 ታካሚዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ መድኃኒት ወስደው ሳለ እንኳ የንግግራቸው ተሰሚነት በአማካይ 17 በመቶ ገደማ መውረዱን መዘገበ። ሁሉ ነገር የተጀመረው አንደበትን ላለማጣት ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ደረሰ።

ከዚያች ሽምብራ አጠገብ ወደ አፍና ወደ ምላስ የሚወርደው የነርቭ መንገድ ያልፋል፤ ኤሌክትሪኩ አለፍ ሲል ይነካዋል። ኃይሉን ሲቀንሱት ሰውነቱ መልሶ ይገተራል። ያኔ አንዳንድ ሐኪሞች ወደ ቤናቢድ የምት ፍጥነት መዘውር ተመለሱ፤ አሁን ግን ወደ ታች አዞሩት። በሰከንድ 130 የነበረው ምት 60 ሲሆን የአንዳንዱ አንደበት ተፈታ። የሌላው እጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጅና አንደበት በአንድ መዘውር አንስማማም አሉ።

መልሱ፣ ቢያንስ ግማሹ፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር። በዚያው በ1987፣ አሪዞና ውስጥ የሊ ሲልቨርማን ቤተሰብ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ፓርኪንሰን ድምፃቸውን ያሰለለባቸውን እኚህን ሴት መስማትና መረዳት። የንግግር ሐኪሟ ሎሬይን ሬሚግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ምኞት ተነሥተው በሊ ሲልቨርማን ስም የሚጠራውን ልምምድ ሠሩ። ሽቦ የለበትም። በሳምንት አራት ቀን፣ ለአራት ሳምንት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ታካሚው አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሰማል፦ ጮክ!

ልምምዱ በረጅም «አ—» ይጀምራል፤ ደረት አየር ሞልቶ፣ እስትንፋስ እስኪያልቅ። የአምባሰልን ዜማ የሚያንጎራጉር ሰው ያደመጠ ይህን ለመገመት አይቸገርም። የደከመው ድምፅ እንቆቅልሽ የተፈታው እዚህ ላይ ነበር፤ የታካሚው ጉሮሮ ብቻ ሳይሆን መለኪያውም ተዛብቷል። ሲያንሾካሹክ ለራሱ በደንብ የተናገረ ይመስለዋል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ መጮኹ ነው ብሎ ያፍራል። ድምፁ ተቀድቶ ሲሰማው ግን ጩኸት አልነበረም፤ ሰው ቡና ላይ የሚያወራበት ድምፅ ነበር።