የጤና ተማሪዎችና ክትባት፦ ጥርጣሬው ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይመለሳል?

ከእንጦጦ ማርያም ግርጌ በተዘረጋው የጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅን ጨምሮ የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባቸው ተቋማት ይገኛሉ። በእነዚህም ሆነ በሌሎች መሰል ተቋማት በተግባር ልምምድ ላይ ያለ ተማሪ ቀን ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ይውላል፤ ማታ ወደ ማደሪያው ወይም ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ስለዚህ ስለ ክትባት ያለው አመለካከት የግሉ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሚረዳው ሕመምተኛና በቤቱ ባሉ አረጋውያን ጤና ላይም ይንጸባረቃል።

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኒካ ክትባት በኮቫክስ አማካይነት ገባ። መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ክትባቱ በይፋ ሲጀመር ቅድሚያ ያገኙት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ።

ይሁንና በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በጤና ተማሪዎች ዘንድም ማመንታት አለ። ዋና ዋና ምክንያቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው «ክትባቱ በጥድፊያ ተሠራ» የሚለው ስጋት ነው። ክትባቶቹ የተሠሩባቸው ስልቶች ግን ከወረርሽኙ በፊት ለብዙ ዓመታት ሲጠኑ የቆዩ ናቸው። ጊዜው ያጠረው የሙከራ ደረጃዎች ተደራርበው በመካሄዳቸው፣ በቂ ገንዘብና በርካታ ፈቃደኞች በመገኘታቸው ነው።

ሁለተኛው የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃት ነው። የክንድ ሕመም፣ ትኩሳትና ድካም የተለመዱ ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። ከአስትራዜኒካ ክትባት በኋላ የደም መርጋት እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ታይቷል። በመሆኑም ከክትባቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጽኑ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር እብጠት የገጠመው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ሦስተኛው «ወጣት ስለሆንኩ አያሰጋኝም» የሚል እምነት ነው። ወጣቱ ምልክት ሳይታይበት በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ክትባቱ ጽኑ ሕመምንና ሞትን ይቀንሳል፤ መተላለፍን ግን ፈጽሞ ስለማይገታ፣ ማስክ ማድረግና እጅ መታጠብ መቀጠል አለባቸው።

አራተኛው ሃይማኖትና ሕክምና ይጋጫሉ የሚለው አስተሳሰብ ነው። ወደ እንጦጦ ማርያም ለጸበል የሚወጡ ሕሙማን ብዙ ናቸው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን በተመለከተ ተመሳሳይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም እንዲጠቀሙ መክረዋል። ክትባትም ከጸሎትና ከጸበል ጋር የሚጋጭ አይደለም።

የዛሬ ተማሪ ፈንጣጣ የያዘው ሰው አይቶ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን በ1972 ዓ.ም. ያወጀው በክትባት ዘመቻ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያም ፈንጣጣ በመጨረሻ ከጠፋባቸው አገሮች አንዷ ነበረች።

የጤና ተማሪ ወደ ቤቱ ሲገባ እናቱ «ልጄ፣ አንተስ ተከተብህ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የሚያምኑት የእርሱን መልስ ነው። ስለዚህ ተማሪው ጥርጣሬውን ሳይሸሽግ ለመምህሩ ያቅርብ፤ መምህሩም ሳይቆጣ በማስረጃ ያስረዳው። ያላወቀውን ነገር «ጠይቄ እነግርሻለሁ፣ እናቴ» ብሎ አጣርቶ መመለስም የሙያው አንዱ ግዴታ ነው።