የጉልበት ሠራተኞች ድካምና የመክሰስ ጥቅም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠሮች ከባድ የጉልበት ሥራ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። በቆሎና ጤፍ የሚሰበስበው ገበሬ፣ በርበሬ ለቃሚዋ፣ እህል ጫኙና የግንባታ የቀን ሠራተኛው ስለ ድካም ሲናገሩ ስሞታቸው በቀላሉ መታለፍ የለበትም። በቀን ሙያ ለሚያድር ሰው ከሥራ መቅረት ማለት የዕለት ጉርስን ማጣት ነው።

የድካሙ መነሻ

ክብደቱ 55 ኪሎ ግራም የሆነ ወጣት ወንድ ከባድ ሥራ ሲሠራ በቀን ከ3000 እስከ 3600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ይህን በሁለት ማዕድ ብቻ ማሟላት አዳጋች ነው። በጉበት የተከማቸው ስኳር ሌሊቱን ስለሚመናመን፣ ቁርስ ሳይቀምስ የተሰማራ ሠራተኛ ቶሎ ይዝላል፤ ትኩረቱም ስለሚቀንስ ለአደጋ ይጋለጣል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት በሥራ ቦታ ያለ ደካማ አመጋገብ ምርታማነትን እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል።

ተስማሚ መክሰስ

መፍትሔው ከጓዳ አይርቅም። 100 ግራም የገብስና የሽምብራ ቆሎ ወደ 370 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በቆሎ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ስለሚያንሰው ከባቄላ ወይም ከአተር ጋር ቢቀቀል የተሻለ ንፍሮ ይሆናል። በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ በሶ ኃይልም ፈሳሽም ይተካል። ሎሚ ወይም ማንጎ ቢታከልበት ከእህሉ የሚገኘው ብረት በሰውነት ይበልጥ ይዋሐዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ይህን ስለሚያውኩ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ይመረጣል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሊያሽመደምድ ስለሚችል የዘወትር ስንቅ ሊሆን አይገባም። በባዶ ሆድ የሚጠጣ አረቄም ጉበት ስኳር እንዳይሠራ ስለሚያግድ የደም ስኳርን በአደገኛ መጠን ሊያወርድ ይችላል።

የተጠቀሱት ምግቦች የጾም በመሆናቸው በጾም ወራትም ያገለግላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ ማታ በሚገባ እንዲመገብና ከባዱን ሥራ በማለዳ እንዲያከናውን ቢመከር መልካም ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

መክሰስ በሽታን አይተካም፤ መሸፈኛም ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመ የኢንዶኔዥያ ጥናት፣ ደም ማነስ የነበረባቸው የጎማ ተክል ሠራተኞች ብረት ሲሰጣቸው የሥራ ውጤታቸው ጨምሯል። ስለዚህ በቂ ምግብና ዕረፍት እያገኘ ድካሙ ያልለቀቀው ሠራተኛ ለደም ማነስ፣ ለወባ፣ ለመንጠቆ ትል፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለስኳር በሽታ ሊመረመር ይገባል። የሄሞግሎቢን ውጤት ሲተረጎም የአካባቢው ከፍታ ከግምት ይግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ባለሙያው አንዲት ቀላል ጥያቄ ሊያቀርብ ይገባዋል፦ «ዛሬ ወደ ሥራ ከመውጣትዎ በፊት ምን ቀመሱ?»