ኤክስ-ጅግና በየትኛው ሠንጠረዥ ይግባ?

ኢትዮጵያ ለምርምርና ሥርጸት የምታወጣው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአገር ውስጥ ምርቷ 0.24 በመቶ እንደነበር፣ በ2013 ወደ 0.6 እንደወጣ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 0.27 እንደወረደ የዩኔስኮ መዝገብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ያሰበው 1.5 በመቶ ነበር። ስብሰባና ጋዜጣ ሁሉ የሚሟገተው በዚህች መቶኛ ላይ ነው። መቶኛዋ ግን ስንት ብር ወጣ እንጂ ብሩ የት ደረሰ ለሚለው መልስ የላትም። ለፖሊሲ የሚበጀው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ሩዝ በሚዘራበት ፎገራ ላይ መፈለግ ይቻላል።

ከወንዛዬ ወዲያ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች የሚተኙበት ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን እዚህ ሲሞክሩ ጅግናና ሻጋ የተባሉት የአምራቾች ማኅበራት ተቀበሉት። ኤክስ-ጅግና የተባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ጉማራን፣ እድገትን፣ ሻጋን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አውጥተዋል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተቋቁሟል። ገበሬው ግን ኤክስ-ጅግናን አልጣለም። ፍሬው ነጭ ነው፣ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ለእንጀራ ይሆናል። ወረታ ከሚገኙት መፈልፈያዎች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ፍርዱን ያያል፤ ነጋዴው ከማሽኑ የወጣውን እፍኝ አድርጎ መዳፉ ላይ ይበትናል፣ ንጣቱን ያያል፣ ስብርባሪውን በጣቱ ይለያል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። የዝርያ ምዘና ማለት ይህም ነው፣ ምንም እንኳ ማንም ባይመዘግበው።

«አገሮች የሚወዳደሩት በአንድ መስፈሪያ ነው፤ የገበሬን ምርጫ ምርምር ብለን ከቆጠርን ቁጥራችን ዋጋ ያጣል» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ዓለም የሚሠራበት የፍራስካቲ መመሪያ የሚቆጥረው አዲስ ዕውቀት ለማግኘት ታስቦ የተሠራን ሥራ ነው፤ ይህን ማላላት አያስፈልግም። ከወጪው ዓምድ አጠገብ ሌላ ዓምድ ይጨመር ነው የምለው፦ የወጣው ዝርያ በስንት ማሳ ተዘራ፣ ያልተዘራውስ ምን ጎደለው? ይህ ዓምድ ባዶ ሆኖ በጀት መጨመርም መቀነስም ጨለማ ውስጥ መዳበስ ነው።

የዚህ ዓምድ ወጪ አይቻልም የሚለው ሙግት ደግሞ ብዙም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2018/19ኙ አገር አቀፍ የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ከማሳ የተወሰደ የበቆሎ፣ የማሽላና የገብስ ናሙና በዘረመል ተመርምሯል፤ ገበሬው ዘሩን የሚጠራበት ስምና ቤተ ሙከራው ያገኘው ዝርያ ጎን ለጎን ታይተዋል። ሩዝ በዚያ ዝርዝር አልነበረም። አብዛኛውን ሩዟን ከውጭ ስትገዛ ለኖረች አገር ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። የስታትስቲክስ አገልግሎቱና የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱ ቀጣዩን ጥናት ሲያዘጋጁ ሩዝን ይጨምሩ፤ ናሙናውንም ከፎገራ ማሳና ከወረታ መፈልፈያ ደጅ ይጀምሩ።