ለጠበቃ የምትከፍለው የሌላት እናት

ባሏ ጥሏት የሄደ እናት፣ ለልጆቿ ቀለብ ለማስቆረጥ ፍርድ ቤት ስትቆም ጠበቃ የምትይዘው በምን ገንዘብ ነው? የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለእንዲህ ያሉ እህቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ በሴቶች መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ ደነገገ። ማኅበሩም ሠራተኞቹን ለመቀነስ፣ አገልግሎቱንም ለማጥበብ ተገደደ። ገደቡ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተነሥቷል፤ ትምህርቱ ግን አልተነሣም። በውጭ ርዳታ ብቻ የቆመ በጎ ሥራ፣ ምንጩ ሲዘጋ አብሮ ይደርቃል።

ለእድራችን በየወሩ የምናዋጣ እናቶችና ሠራተኞች፣ ለሐዘን ቀን የምናስበውን ያህል ለሙግት ቀንም እናስብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።