በዘፈን ውስጥ «እኔ» የምትለው ሴት

የፖፕ ዘፈን ግጥም ቀላል ነገር ነው እየተባለ ከጥናት ይገለላል። ነገር ግን ሴት ልጅ ራስዋን የምታስከብርበት ቋንቋ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ዘፈን ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በሦስት የእንግሊዝኛ ዘፈኖች ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሌስሊ ጎር በ1963 ዓ.ም. በ17 ዓመት ዕድሜዋ የዘፈነችው «ዩ ዶንት ኦን ሚ» ነው። የዚህ ዘፈን ኃይል በአሉታ ላይ የቆመ ነው። ከፍቅር ዘፈን ልመናን የለመደ ጆሮ፥ ከአንዲት ልጃገረድ አፍ ክልከላን ሰማ።

ሁለተኛው «ሪስፔክት» ነው። ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 ዓ.ም. ደርሶ ሲዘፍነው፥ ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወንድ ክብር ይገባኛል የሚልበት ነበር። አሬታ ፍራንክሊን በ1967 ዓ.ም. ስትዘፍነው ግጥሙን ለወጠችው፤ ተናጋሪዋም የራስዋ ገንዘብ ያላት ሴት ሆነች። «ክብር» የሚለውንም ቃል፥ ለተማሪ ፊደል እንደሚያስቆጥር መምህር፥ ፊደል በፊደል ዘረዘረችለት። እኛ «አንቺ» እና «እርስዎ» ብለን ስለምንለይ አክብሮት በተውላጠ ስሙ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም ያለው ተውላጠ ስም አንድ ስለ ሆነ፥ ክብር የፈለገች ሴት ክብርን በስሙ ጠርታ መጠየቅ ግድ ይሆንባታል።

ሦስተኛው በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ የአንደኝነትን ደረጃ ያገኘው የሔለን ሬዲ «አይ አም ዉማን» ነው። እዚህ ልመናም ክልከላም ቀርቶ፥ ሴትነት በአንደኛ መደብ በግልጽ ይታወጃል። ግጥሙንም የጻፈችው ራስዋ ናት።

ምናልባት አንድ ሰው «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የደረሱ ወንዶች አይደሉምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ የጎርን ዘፈን የደረሱት ጆን ማዳራና ዴቪድ ዋይት ናቸው። ነገር ግን የዘፈን «እኔ» ባዶ ወንበር ነው፤ ትርጕሙን የሚያገኘው ከተቀመጠበት ሰው ነው። ፍራንክሊን በተቀመጠችበት ጊዜ የባል አቤቱታ የነበረው የሴት መብት ሆነ።

ሆኖም ቃልን መውረስና ጥቅምን መውረስ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ሕግ ዘፈን በተለመደው ሬዲዮ ሲሰማ ክፍያው ለደራሲው እንጂ ለዘፋኙ አይደለም። ስለዚህ ፍራንክሊን በ2018 ዓ.ም. እስካረፈችበት ቀን ድረስ፥ «ሪስፔክት» በሬዲዮ በተሰማ ቍጥር ክብሩ የእርስዋ ሲሆን ገንዘቡ የሌላ ነበር።