የህንዳውያኑ ቀይ ነጥብና የጋሞ ቅቤ

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ህንዳውያን መምህራን አስተምረውበታል። ሳሪ ለብሰው ሲቀላ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመርጡትን ሴቶች ያየ የከተማው ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ቅንድባቸው መሀል ስለምትታየው ቀይ ነጥብ። መልሱም እዚያው ገበያ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። አንዱ «ባለትዳር ናት ማለት ነው» ይላል፣ ሌላው «ሃይማኖታቸው ነው» ይላል፣ ሦስተኛው «ጌጥ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ለብቻው የሚበቃ ግን ከመካከላቸው የለም። የጋሞ ምድር ሰው ይህን ለመረዳት ከማንም የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ነጥቧን በሰሜን ህንድ ቢንዲ ይሏታል፤ በደቡብ ደግሞ ቴሉጉ ተናጋሪው ቦቱ፣ ታሚሉ ፖቱ ይላታል። ጥንታዊው ቀለም ኩምኩም የሚባል ዱቄት ነው፤ የሚሠራውም ከምናውቀው እርድ ነው። የደረቀ እርድ ተፈጭቶ ከኖራ ጋር ሲታሽ፣ ወጥ የሚያቀልመው ቢጫ ዓይናችን እያየ ደም ወደ መሰለ ቀይ ይለወጣል። ሴትዮዋ ጣቷን በዱቄቱ ነክታ ግንባሯ ላይ ታሳርፋለች። ክብ ሆኖ እንዲወጣና ላብ እንዳያጥበው የምትፈልግ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ሰም ትቀባና መሀሉ በተበሳ ቀጭን ክብ ነገር በኩል ዱቄቱን ትነሰንሳለች። ማታ ይታጠባል፣ ጠዋት እንደገና ይደረጋል።

ይህ በየቀኑ መታደሱ ትልቅ ነገር ነው። በጎንደርና በትግራይ እናቶች ግንባር ላይ የተነቀሰው መስቀል አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ስለዚህ የሚናገረው የማይለወጠውን ነው፤ የማን ልጅ፣ የየትኛው እምነት ሰው እንደሆነች ይመሰክራል። የምትታጠብ ነጥብ ግን የሚለወጠውንም ልትናገር ትችላለች። ትናንት ልጃገረድ የነበረች ዛሬ ሙሽራ መሆኗን፣ ዛሬ በዓል መሆኑን፣ ቤቷ ሐዘን መግባቱን።

ትዳርን በተመለከተ ሰፊ ስህተት አለ። በብዙ የሰሜንና የምሥራቅ ህንድ አካባቢዎች የባለትዳርነት ዋናው ምልክት ነጥቧ ሳትሆን ሲንዱር ነው፤ ፀጉር ለሁለት በሚከፈልበት መስመር ላይ የሚሰመር ቀይ ዱቄት። በሠርጉ ዕለት ሙሽራው በእጁ ያሰምርላታል፤ ከዚያ በኋላ ራሷ በየቀኑ ታድሰዋለች። ነጥቧን ግን ያላገቡ ወጣቶችም፣ ትንንሽ ልጃገረዶችም ያደርጓታል። የጃይን እምነት ተከታዮችና ብዙ የባንግላዴሽ ሙስሊም ሴቶችም ያደርጓታል። ስለዚህ በግቢው መንገድ ላይ የምናገኛትን መምህርት ግንባር አይቶ «አግብታለች» ብሎ መደምደም አይቻልም። አንድ ነገር ግን ለዘመናት ጸንቶ ኖሯል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ቀዩ ይጠፋባታል። በልማዱ መሠረት የግንባሯ ኩምኩም ይጠረጋል፣ የእጇ አምባር ይሰበራል፣ የትዳር ሐብሏ ይወልቃል። ነጥቧ የምትከብደው እዚህ ላይ ነው። በክብር የተሰጣትን ምልክት፣ ሐዘን በወደቀባት ቀን ሌሎች ያጠፉባታል።

ሃይማኖቱም ሰፊ ነው። ዮጋ የሚያስተምሩ ሊቃውንት በቅንድቦች መካከል ያለውን ቦታ የአእምሮና የማስተዋል መቀመጫ ያደርጉታል፤ ሺቫ የተባለው አምላካቸውም ሦስተኛ ዓይን ያለው እዚያው ነው። ወንዶቹም ቢሆኑ ግንባራቸው ባዶ አይደለም። የቪሽኑ ተከታዮች ከላይ ወደ ታች የወረደ መስመር፣ የሺቫ ተከታዮች ደግሞ በአመድ የተሳሉ ሦስት አግድም መስመሮች ያደርጋሉ። ወደ ቤተ መቅደስ የሄደ ሰው ካህኑ ግንባሩን ሲነካው ምልክቱን ይዞ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ግንባሩን እምነት ተቀብቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለሕፃናት ደግሞ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል፤ ግንባር ወይም ጉንጭ ላይ፣ ሆን ተብሎ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ መልኩን እንዲያበላሽና ዓይን እንዳይበላው። እኛ ዘንድ ክታብ አንገት ላይ የምታስር እናት እዚያ ኩል ይዛ ትገኛለች።

ዛሬ አብዛኞቹ ነጥቦች ተለጣፊ ናቸው። ከቬልቬት ተቆርጠው ጀርባቸው ሙጫ ያለው፣ በካርድ ላይ ተደርድረው የሚሸጡ፤ ቀይ ብቻ ሳይሆኑ እንደ ልብሱ ቀለም አረንጓዴም ወርቃማም ይሆናሉ። ባለቤቷ ማታ ፊቷን ስትታጠብ ነቅላ መስተዋቱ ላይ ትለጥፋታለች፣ ጠዋት ከዚያው ታነሳታለች። የብዙ ህንዳውያን ቤት መስተዋት በዚህ የተነሳ ነጠብጣብ አያጣም። ከሙጫዎቹ አንዳንዶቹ ጉዳት አላቸው፤ የቆዳ ሐኪሞች ተለጣፊው ያረፈበት ቦታ ቀለሙን አጥቶ ነጭ ክብ ሆኖ የቀረባቸው ሴቶችን መዝግበዋል።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት ላይ ያለችው ዶርዜ በሸማዋና በቀርከሃ ቤቷ ትታወቃለች። በጋሞ ደጋ አገሮች በሸንጎ ተመርጦ ሀላቃ የተባለውን ሹመት የሚይዝ ሰው ትልቅ ድግስ ደግሶ ሀብቱን ለአገሩ ሲያፈስ፣ በሥርዓቱ ቀን ራሱ ላይ ቅቤ ይደረጋል፣ የሰጎን ላባም ይሰካል። በመስቀል ሰሞን ያገቡ ሙሽሮችም በቅቤ ተውበው ሶፌ በሚባለው ሥርዓት ገበያ ይወጣሉ፤ ማኅበረሰቡ አዲስ ሰው መሆናቸውን የሚያየው ያኔ ነው።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር ዶርዜ ኖሮ ባጠናው ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ የራስ ላይ ቅቤ ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ ነው። የዶርዜ ሰው ስለ ሥርዓቱ ሲጠየቅ ልማዳችን ነው ብሎ እንጂ ትርጉም ደርድሮ አይመልስም። ስፐርበርም ይህን እንደ ዕውቀት ማነስ አላየውም። የደረሰበት ሐሳብ፣ ምልክት እንደ ቃል ተፈትቶ የሚያልቅ ፍቺ የለውም የሚል ነው፤ የሚታወቀው ከሌሎች ነገሮች ጋር በሚያያዝበት መንገድ ነው። ቅቤ በየቀኑ ይበላል፣ ሴቶች ፀጉራቸውን ይቀቡታል፣ ራስ ምታት ያለበትም አናቱ ላይ ያደርገዋል። ሀላቃው ራስ ላይ ሲሆን ግን ያው ቅቤ ሹመት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ማን እንዳደረገለት፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ፊት የሚለው ነው።

ነጥቧንም መጠየቅ ያለብን እንዲህ ነው። መስተዋት ላይ ከተለጠፈች ቬልቬት የተነሳችው፣ በካህን ጣት ያረፈችው፣ ለሕፃን የተደረገችው፣ ሁሉም «የህንድ ነጥብ» ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። አርባ ምንጭ ምልክት ምን እንደሚሠራ በዓይኗ አይታለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ ከተማዋ ውስጥ ለበቀል የተነሱትን ወጣቶች የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። ወጣቶቹ የቆሙት ሳሩ ምን ማለት እንደሆነ ተብራርቶላቸው አልነበረም። ሳር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ እንደማይቻል ከልጅነታቸው ያውቁ ነበር።

ምልክት ያለበት ሰው በምልክቱ ይለያል፤ ይህ አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ጀርሲ ሲቲ ውስጥ ስሙን ከዚህችው ነጥብ የወሰደ የወጣቶች ቡድን ህንዳውያንን እያሳደደ ሲደበድብ ነበር፤ በዚያው ዓመት አንድ ህንዳዊ ተደብድቦ ሞቷል። በዚያ ዘመን ነጥቧን አጥፍቶ መውጣት ሕይወትን ማትረፍ ነበር። በጋሞ ደጋም ፕሮቴስታንት የሆኑ ብዙ ቤተሰቦች የጥንቱን ሥርዓት ሲተዉ ቅቤውንም ትተዋል፤ የእነሱ ራስ ባዶ መሆንም ለጎረቤት ግልጽ ንግግር ነው። በህንድ ከተሞችም ሥራ የምትሄድ ወጣት ነጥቧን ለሠርግና ለበዓል ብቻ ማስቀመጧ እየተለመደ መጥቷል፤ ይህ ብዙም ቅር አያሰኝም።

ቅር የሚያሰኘው በግድ የሚጠፋው ነው። በማሃራሽትራ ግዛት፣ ኮልሃፑር አውራጃ ውስጥ ሄርዋድ የምትባል መንደር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ውሳኔ አሳለፈ። ባሏ የሞተባትን ሴት ኩምኩም መጥረግ፣ አምባሯን መስበር፣ የትዳር ሐብሏን ማውለቅ በመንደሯ ቀረ። የግዛቱም መንግሥት በዚያው ወር ሌሎች መንደሮች የሄርዋድን አርአያ እንዲከተሉ ደብዳቤ ጻፈ።